«አስማቱ የታለ?» ለሚለው ጸሐፊ፦ ስለ «ስፔልባይንደር» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ስፔልባይንደር» ስለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የተጻፈ ረዘም ያለ ትችት አነበብኩ። ጸሐፊው ድራማውን ከላይ እስከ ታች አብጠልጥሎታል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ፋንታሲ ተብሎ አስማት የሌለበት ድራማ ተመልካችን ማታለል ነው፤ ሳይንሱም ውሸት ነው፤ ገዢዎቹ መሣሪያውን እየተጠቀሙ የአሠራሩ እውቀት ጠፋባቸው የሚለው ነገር አይታመንም፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፖል ኋላቀሮችን የሚያስተምር ሁሉን አዋቂ ልጅ ነው፤ ኢፌክቱ ያስቃል፤ ታሪኩ ወደ ፖል ከተማ ወደ ሲድኒ በተመለሰ ቁጥር ልብ አንጠልጣይነቱ ይጠፋል፤ ከገዢዎቹ አንዷ የሆነችው አሽካ የካርቱን ክፉ ናት፤ ሁለተኛው ተከታታይ ደግሞ ሐሳብ እንዳለቀባቸው ማሳያ ነው። ከዚህ ሁሉ ስለ ኢፌክቱ የተባለው ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ውሃ አያነሳም።

ላላያችሁት ትንሽ ልበል። «ስፔልባይንደር» በ1995 የወጣ ባለ 26 ክፍል የታዳጊዎች ድራማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዷቸው)። ፊልም አውስትራሊያ የተባለው ድርጅት ከፖላንድ ቴሌቪዥን ጋር ሆኖ ነው የሠራው። ደራሲዎቹ ማርክ ሺረፍስና ጆን ቶምሰን ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ኖኤል ፕራይስ ነው። ፖል ሬይኖልድስ የሚባል የሲድኒ ተማሪ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ካምፕ ይወጣል። ለቀልድ ያሰቡት ነገር ከኤሌክትሪክ ጋር ተነካክቶ ይበላሻል፤ ልጁ ድንገት ይጠፋል። ሲነቃ ያለው ትይዩ ዓለም ውስጥ ነው። እዚያ መንደርና ገበሬ አለ፤ መብራትና መኪና የለም። ከሁሉም በላይ ስፔልባይንደሮች የሚባሉ ገዢዎች አሉ። በሚበር መርከብ ይመጣሉ፣ ከእጃቸው መብረቅ ይወረውራሉ፣ ሕዝቡም አስማተኞች መስለውት ይንቀጠቀጥላቸዋል። አስማተኞች ግን አይደሉም። የሚለብሱት «የኃይል ልብስ» ስታቲክ ኤሌክትሪክ (ዕቃ ሲፋተግ የሚጠራቀመውና ብልጭ የሚለው ዓይነት) የሚያጠራቅም መሣሪያ ነው። ማንም እንዳያውቅባቸው ተጠንቅቀው የያዙት ምስጢር ይህ ነው፤ ፖል ደግሞ ገና ሲያየው ይጠረጥራል።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ እንሂድ። ጸሐፊው እንደሚለው አስማት አያለሁ ብሎ የተቀመጠ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ሽቦ ነው። እኔ ደግሞ የድራማው ትልቁ ብልሃት ይኸው ሽቦ ነው እላለሁ። አስቡት፤ እውነተኛ አስማት ቢኖር ፖል ድግምቱን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ሽማግሌው ሦስት ቃል ያጉተመትማል፣ ልጁ ቤቱ ይገባል። በቃ። እዚህ ግን ወደ ቤት መመለስ በጭንቅላትና በእጅ መፈታት ያለበት ችግር ነው። ተመልካቹም ከልጁ ጋር አብሮ ያስባል። ለታዳጊ ተመልካች ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?

ሌላም ነገር አለ። ኃይሉ እውነተኛ አስማት ሲሆን ገዢው ለመግዛት የተወለደ ነው፤ የሚጠየቅ ነገር የለም። ኃይሉ መሣሪያ ሲሆን ግን ወዲያው ጥያቄ ይነሳል፦ ማን ደበቀው? ለምን? ሌላው ሰው ቢለብሰውስ? ሪያና የምትባለው የመንደር ልጅ ቀስ በቀስ የምትደርስበት ጥያቄ ይህ ነው። እስከ ዛሬ የፈራችው ልብሱን እንጂ ሰውየውን እንዳልነበረ ሲገባት ዓለሟ ይገለበጣል። ይህን በአስማት ዘንግ ልትተርከው አትችልም።

ደግሞ ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ዣን ኢዩጄን ሮበር ኡዳን የተባለውን ዝነኛ ምትሃተኛ ወደ አልጄሪያ ላከው። ሥራው የፈረንሳይ ምትሃት ከአገሬው መንፈሳዊ መሪዎች ኃይል ይበልጣል ብሎ ሕዝቡን ማሳመን ነበር። ሰውየው መድረክ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ያስቀምጣል። ልጅ ያነሳታል። ከዚያ አንድ ጠንካራ ጎረምሳ ይጠራና «አሁን ኃይልህን ወስጄብሃለሁ፤ እስቲ አንሳት» ይለዋል። ጎረምሳው ቢጎትት፣ ቢታገል፣ ሳጥኗ ወይ ፍንክች! የሳጥኗ ግርጌ ብረት ነው፤ ከመድረኩ ሥር ኤሌክትሮማግኔት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት፣ ተቀብሯል። በዚያ ላይ በእጀታው በኩል ኤሌክትሪክ ለቀቀበት፤ ሰውየው ጮኾ ሸሸ። ይህን ራሱ ሮበር ኡዳን በማስታወሻው ጽፎታል። እንግዲህ ንገረኝ፤ ይህ ሰው ከስፔልባይንደር በምን ይለያል? ማግኔትና ኤሌክትሪክ ይዞ አስማተኛ ነኝ አለ፤ ከኋላው ደግሞ ጦር ያለው መንግሥት ቆሟል። ጸሐፊው «ማታለል» ያለው ነገር የድራማው ርዕሰ ጉዳይ ነው እንጂ የድራማው ጥፋት አይደለም።

«ሳይንሱ ውሸት ነው» ለሚለው ደግሞ ልለያየው። ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንደ ኳስ ተወርውሮ ሜዳ አቋርጦ ሰው አይመታም። ብልጭታ ቅርብ ያለውን መንገድ ፈልጎ ይዘልላል፤ በደረቅ አየር ውስጥ አንዲት ሴንቲሜትር ለመዝለል ራሱ ወደ 30 ሺህ ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ በርቀት መወርወሩ የድራማ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስቶ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ሰው ማስፈራራት ራሱ ቂልነት ነው ወደሚል ይሄዳል። እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

በ1746 ፈረንሳይ ውስጥ ዣን አንቷን ኖሌ የተባለ ቄስና ተመራማሪ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት 180 የክብር ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያያዛቸው። ከዚያ ሌይደን ጠርሙስ ከሚባለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ኃይሉን ለቀቀባቸው። 180 ወታደር በአንድ ጊዜ ከመሬት ዘለለ። ዕቃው ምን መሰለህ? ውስጡና ውጩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ያለው የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ከዚያ የተለየ ውስብስብ ነገር የለውም። ባትሪ እንኳ ገና አልተፈለሰፈም፤ ቮልታ የሠራው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አሁን ይህን ጠርሙስ ስለ ኤሌክትሪክ ሰምቶ የማያውቅ መንደር ውስጥ ይዘህ ግባ። በነሐስ ካባ ሥር ደብቀው። የመንደሩን አለቃ አንዴ በጣትህ ንካው። ግብር ለመሰብሰብ ሁለተኛ መንካት የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የገረመኝ ነው። «መሣሪያውን በየቀኑ እየተጠቀሙ እንዴት አሠራሩ ይጠፋባቸዋል?» ይላል። እንዴት? በጣም ቀላል ነው። መጠቀምና መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ትችት የጻፍክበትን ስልክ ፈታተህ መልሰህ ግጠመው ብልህ ትችላለህ? እኔ አልችልም። ሁለታችንም ግን ቀኑን ሙሉ ከእጃችን አናወጣውም። ስፔልባይንደሮቹም ከጥንት አባቶቻቸው የወረሱትን ይለብሳሉ፣ ያበራሉ፣ ያስፈራሩበታል። ከዚያ አልፎ መጠየቅ ግን ራሳቸው ያስፋፉትን ፍርሃት መንካት ይሆንባቸዋል።

በታሪክም የታወቀ ምሳሌ አለ፤ የቢዛንታይን «የግሪክ እሳት»። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያን ከከበቧት መርከቦች ያዳናት፣ ውሃ ላይ ሳይቀር የሚነድ ፈሳሽ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 7ኛ ለልጁ በጻፈው የመንግሥት ምክር ውስጥ የውጭ ሰዎች ይህን እሳት ከጠየቁህ አትስጣቸው ይለዋል። ምን ብለህ ከልክላቸው እንዳለው ታውቃለህ? እግዚአብሔር በመልአክ በኩል ለታላቁ ቆስጠንጢኖስ የገለጠው ነው፣ ለሌላ ሕዝብ እንዳይሰጥም አዝዟል በላቸው ነው ያለው። መልአክ! በሙያተኞች እጅ የሚቀመም ነገር እኮ ነው። ምስጢሩ በጥቂት ሰዎች እጅ ተቆልፎ ቆየ፤ ቆየና ጠፋ። ዛሬ በትክክል ከምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። እውቀትን ደብቆ በሃይማኖት ስም አጥሮ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ያጠረው ራሱ እስኪረሳው ድረስ መድረስ። የ«ስፔልባይንደር» ደራሲዎች ይህን ታሪክ ያውቁት አያውቁት ምንም ለውጥ የለውም፤ የሚሆን ነገር ነው የጻፉት።

ወደ ፖል ስንመጣ ጸሐፊው «ሁሉን አዋቂ» ይለዋል። እሺ፣ አንድ ነገር ልስጠው፤ ፖል በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያናድዳል። አፉ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ለእሱ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር «ይሄማ ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ በሰው ፊት ይዘረግፈዋል። ግን ውጤቱን ተመልከት። አንድም ሰው አጨብጭቦለታል? ማሮደር ነው፣ ማለትም ከወንበዴዎቹ ወገን ነው ተብሎ ይታደናል። ያስጠጋችው ሪያና ደግሞ ከእሱ ብሳ ትጎዳለች። እሷ በመንደሯ ስፔልባይንደሮችን የመጥራት ኃላፊነት ያላት፣ የተከበረች ልጅ ናት። እሱን ስትረዳ ያ ሁሉ ይቀርባታል። ልጁ «አዋቂ» በመሆኑ የመጣውን ዕዳ የከፈለችው እሷ ናት፤ ድራማውም ይህን አይሸፋፍነውም።

ደግሞስ ምን ያውቃል? ስም ያውቃል። ኤሌክትሪክ፣ ማግኔት፣ ሬዲዮ። ስም ማወቅና መሥራት መቻል መካከል ያለውን ገደል ግን ድራማው ደጋግሞ ያሳየናል። ቤቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ሲጫን መብራት ይመጣል፤ እዚህ ግድግዳም የለም፣ ማብሪያም የለም። ሬዲዮ ምን እንደሆነ ማወቅ ከጓደኞችህ ጋር አያገናኝህም። እሱ ከሪያና የሚሻለው በእውቀቱ ብዛት ሳይሆን «ይሄ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ለመጠየቅ ባለመፍራቱ ነው። እሷ ደግሞ ምድሩን፣ ሰዉን፣ መቼ መሮጥና መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ታውቃለች። ያለ እሷ ፖል ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፍም ነበር። ኋላቀር የሚለውን ቃል ጸሐፊው ከራሱ ነው ያመጣው እንጂ ድራማው ሪያናን እንደዚያ አያያትም።

ኢፌክቱ ያረጀ ነው። አዎ። የ1995 የቴሌቪዥን ሥራ ነው፤ መብረቁ በምስሉ ላይ የተሳለ መሆኑ ያስታውቃል። ቀጥሎስ? የወዲያኛውን ዓለም ሰዎች ከሚጫወቱት ተዋንያን ብዙዎቹ ፖላንዳውያን ስለሆኑ የተለየ አገር ሰው ይመስላሉ፤ ይህ ከየትኛውም የኮምፒውተር ሥዕል በላይ ሌላ ዓለም ውስጥ እንዳለህ ያሳምንሃል። ሪያናን የምትጫወተው ጎሻ ፒዮትሮቭስካ ገና አፏን ስትከፍት ፖል ከቤቱ ምን ያህል እንደራቀ ይሰማሃል።

አሁን «ወደ ሲድኒ በተመለስን ቁጥር ልብ አንጠልጣይነቱ ይጠፋል» ወደሚለው። በዚህኛው ላይ ጸሐፊው ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ሰው ጠፋ ማለት ሁለት ወገን ያለው ነገር ነው። የጠፋው አለ፤ የጠፋበት ደግሞ አለ። ጓደኞቹ አሌክስና ካትሪና ያዩትን ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል? «ልጁ ዓይናችን እያየ ጠፋ» ብለህ ለአንድ ወላጅ ንገር እስቲ። ዝም ቢሉ ደግሞ የደበቁት ነገር አለ ይባላሉ። ሲድኒን ብታወጣው ፖል የሚናፍቀው ነገር ምን እንደሆነ እኛ አናየውም፤ «ቤቴ፣ ቤቴ» እያለ የሚያለቅስ ልጅ ብቻ ይቀርልሃል።

ከዚያ በላይ ግን ሲድኒ የሚያስፈልገው ለአሽካ ነው። ጸሐፊው ስለ አሽካ የጻፋትን አንቀጽ ሁለቴ አነበብኳት፤ ሌላ ድራማ አይቶ መጥቶ መሰለኝ። በሄዘር ሚቸል የምትጫወተው አሽካ ሥልጣን የጠማት ስፔልባይንደር ናት፤ እስከዚህ እንስማማለን። የካርቱን ክፉ ግን ክፉ ስለሆነ ክፉ ነው። አሽካ የምትፈልገውን ታውቃለች፣ ከየት እንደሚገኝም ታውቃለች። ሌሎቹ ገዢዎች በሥርዓቱና በወጉ ተሸፍነው ሲኖሩ እሷ ኃይሉ ሁሉ መሣሪያ እንደሆነ ልቧ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ለዚህ ነው ፖል ከየት እንደመጣ ሲገባት እንደ ሌላው ያልደነገጠችው። የእሷ ሐሳብ ሌላ ነው፦ ይህ ልጅ የመጣበት ዓለም ምን ያህል መሣሪያ ይኖረው ይሆን?

ስለዚህ ትሻገራለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍሎች ለእኔ የድራማው ምርጥ ክፍሎች ናቸው። አሁን እንግዳ አገር የገባችው እሷ ናት። ፖል እዚያ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ያወቀውን ሁሉ ሲዘረግፍ፣ እሷ እዚህ ስትደርስ አፏን ዘግታ ሰው ታጠናለች። ሲድኒ ውስጥ መብረቅ መወርወር ሳያስፈልጋት የፖልን አባት በምላሷ ብቻ አሳምና አዲስ የኃይል ልብስ ወደማሠራት ትሄዳለች። አባትየው የሳይንስ ሰው ነው እኮ! አስማት አያምንም፣ ኤሌክትሪክ አያስደነግጠውም። ግን ሰው ሲያደንቀው ደስ ይለዋል፤ ሥራውን የሚረዳለት ሰው ማግኘት ደግሞ ማንንም ደስ ይለዋል። በዚያ በኩል ገባችበት። ከዚህ በፊት መንደርተኞቹን እያየን «እንዴት እንዲህ በቀላሉ ይታለላሉ» ስንል የነበርነውን ሁሉ ደራሲዎቹ እዚህ ጋ አፋችንን ያስያዙናል። የተማረውም በሌላ በር ይታለላል። ሲድኒ ቢወጣ ይህ ሁሉ አብሮ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ስፔልባይንደሮቹ ሁሉም አንድ አይደሉም። ኮሪዮን አለ። ከዚያው ወገን ሆኖ ሕሊና ያለው፣ ለዚያም ዋጋ የከፈለ ሰው ነው። ጸሐፊው ስሙን አንድ ቦታ እንኳ አላነሳም። «ገዢዎቹ በሙሉ ጭምብል ያጠለቁ ክፉዎች ናቸው» ለማለት ኮሪዮንን መርሳት ግድ ይላል መቼም።

የቀረው ሁለተኛው ተከታታይ ነው። በ1997 ከቻይና ጋር በመተባበር ተሠራ፤ እሱም 26 ክፍል ነው። ሎረን ሂዊት ካቲ ሞርጋን የምትባለውን ልጅ ሆና ትጫወታለች፤ ኋላ ዝነኛ የሆነው ራያን ክዋንተን ደግሞ ወንድሟ ጆሽ ነው። ካቲ ከዓለም ወደ ዓለም የምትሻገር ጀልባ ውስጥ ገብታ ዘንዶው ጌታ የሚገዛው አገር ትደርሳለች። አገሩን በሥርዓት የሚያስኬደው ኦራክል የሚባል ኮምፒውተር ነው። ጸሐፊው «የመጀመሪያው ስላልሠራ ኮምፒውተር አመጡ» ይላል። ኧረ ተው! የመጀመሪያው ላይ ሕዝቡ ያልገባውን መሣሪያ ይፈራል፤ ሁለተኛው ላይ ሕዝቡ መሣሪያውን አምኖ ራሱን ሰጥቶታል። አንዱን ሐሳብ ነው ገልብጠው ያዩት። አሽካም ተመልሳ ትመጣለች፤ ከሥልጣኗ ወርዳ ነው የምናገኛት፣ ግን አሁንም ሰው ማንበቡን አልረሳችውም።

እኔ ሁለተኛው ላይ ቅሬታ ካለኝ ሌላ ነው። ጀልባዋ። ከዓለም ወደ ዓለም ለመሻገር ጀልባ ሲኖር ሐሳቡ ሁሉ ማን ጀልባዋን ያዘ፣ ማን ነጠቀ፣ ማን ደበቀ ወደሚለው ይሄዳል። ማሳደዱ ያዝናናል፣ አልዋሽም። ፖል ግን ጀልባ አልነበረውም። የመጣበት መንገድ ከኋላው ተዘግቷል፤ ከዚያ ቦታ ጀምሮ አንድ ዓለም ውስጥ ቆይቶ እየራበው፣ እየተሸሸገ፣ እየጠየቀ ያውቀዋል። ሁለቱን አወዳድሮ ሁለተኛው ላላ ቢለኝ ጸሐፊው እሰማው ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም በአንድ ሙቀጫ ከቶ ወቀጣቸው።